ከሞተ በኋላ ኮምፒውተር የደረሰለት አርክቴክት

ቤተሰቦች፣ ዛሬ ባርሴሎና ልንወስዳችሁ ነው። ለኳስ ግን አይደለም። (ዘመኑን የምንጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ጁን 7 ቀን 1926 አንድ የ73 ዓመት አዛውንት በእግሩ ሲሄድ ትራም ገጨው። ልብሱ አሮጌ ነበር፣ በኪሱም ማንነቱን የሚናገር ወረቀት አልተገኘም፤ ለማኝ መስሏቸው የድሆች ሆስፒታል ወሰዱት። በማግስቱ የሚያውቁት ሰዎች ሲያገኙት ነገሩ አልፎ ነበር። ጁን 10 አረፈ። ሰውዬው አንቶኒ ጋውዲ ነበር፤ ከተማዋ ዛሬም የምትጠራበት አርክቴክት።

ጋውዲ የተወለደው በ1852 በካታሎኒያ ነው። አባቱ መዳብ ቀጥቃጭ ነበር። ልጁ ከትንሽነቱ ቁርጥማት ስለሚያመው እንደ እኩዮቹ ሮጦ አልጠገበም፤ ጠፍጣፋ መዳብ በመዶሻ ተመቶ ዕቃ ሲሆን እያየ ነው ያደገው። በ1878 በአርክቴክቸር ተመረቀ። በ1883፣ ገና በ31 ዓመቱ፣ ሌላ አርክቴክት ጀምሮ የተወውን የሳግራዳ ፋሚሊያ ቤተ ክርስቲያን ተረከበ። 43 ዓመት አልለቀቀውም። ትዳር አልያዘም፣ በኋላ ላይ ሌላ ሥራ መቀበል ሁሉ አቆመ፣ መጨረሻውም እዚያው ግንባታው ውስጥ ማደር ሆነ።

እኛን የገረመን ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን እንዴት ያሰላ እንደነበር ነው። እስኪ የአንገት ሐብላችሁን ሁለት ጫፍ ይዛችሁ መሐሉን ወደ ታች ልቀቁትና ፎቶ አንሱት። ከዚያ ስልኩን ገልብጡት፤ ቅስት ታያላችሁ። ሐብሉ ተንጠልጥሎ በመጎተት ብቻ የያዘው ቅርጽ፣ ሲገለበጥ ድንጋይ በመጫን ብቻ የሚቆምበት ቅርጽ ይሆናል። ጋውዲ ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ያደረገው ይህንኑ ነው። ወደ 10 ዓመት ገደማ ክር ከላይ እያንጠለጠለ፣ የእርሳስ እንክብል የሞላባቸው ትናንሽ ከረጢቶች እያሰረበት፣ ፎቶውን ይገለብጠው ነበር። አንዷ ከረጢት ከተነካች ሌላውም ክር ቦታውን ያስተካክላል። ዛሬ አርክቴክቶች በሶፍትዌር አንድ ቁጥር ሲቀይሩ ሕንፃው በሙሉ የሚቀየርላቸው፣ በቃ ያው ነው። ያቺ ቤተ ክርስቲያን ግን ገንዘቡ ቆመና ከምድር ቤቷ በላይ አልተሠራችም።

ለሳግራዳ ፋሚሊያ ሌላም ዘዴ ነበረው። በሁለት ዱላዎች መካከል ብዙ ክር ወጥራችሁ አንዱን ዱላ ብታጣምሙት፣ እያንዳንዱ ክር ቀጥ እንዳለ ገጹ እንደ ኮርቻ ይጎብጣል። ጎባጣውን ድንጋይ ጠራቢው በቀጥታ ማስመሪያ ይለካዋል ማለት ነው። ዕድሜው እንደማይበቃ ስላወቀ እነዚህን ቅርጾች በትልልቅ የጄሶ ሞዴሎች አስቀመጣቸው። ሲሞት ያለቀለት የደወል ማማ አንድ ብቻ ነበር።

በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር ወርክሾፑ ተቃጠለ። ንድፎቹ ነደዱ፣ ሞዴሎቹ ተሰባበሩ። ተከታዮቹ ስብርባሪውን ለቅመው መገጣጠም ጀመሩ። ኧረ ይብቃ፣ ይሄ የጋውዲ ሥራ አይሆንም ያሉም ነበሩ፤ በ1965 ስመ ጥር አርክቴክቶችና ሠዓሊያን ግንባታው እንዲቆም በደብዳቤ ጠይቀዋል።

በ1979 ማርክ በሪ የሚባል የኒውዚላንድ ተማሪ መጣ። የተሰጠው ሥራ ከስብርባሪው ተነስቶ ጋውዲ የተጠቀመበትን ሒሳብ ማግኘት ነበር። መጀመሪያ በእጅ ይስል ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ የአርክቴክቶቹ ሶፍትዌር አልቻለውም፤ የአውሮፕላን መሐንዲሶች የሚሠሩበትን ወሰዱ። የክሩ ዘዴ የጠቀመው እዚህ ጋ ነው፤ ቅርጾቹ በጥቂት ቁጥሮች ስለሚገለጹ ለማሽን ማዘዝ ይቻላል። ስሪዲ ፕሪንተር ሞዴሉን ያወጣል፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ድንጋዩን ይቆርጣል። የመሐለኞቹ ማማዎች የድንጋይ ፓኔሎች ከከተማው ውጭ ተገጣጥመው ይመጡና ክሬን ይሰቅላቸዋል።

ተቺዎቹ ጨርሶ ተሳስተዋል ለማለት ግን አንደፍርም። ጋውዲ በየቀኑ ግንባታው ላይ ቆሞ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ነበር፤ ያንን የሚመልስ ማሽን የለም።

በኦክቶበር 2025 ሕንፃው 162.91 ሜትር ደርሶ የዓለም ረጅሙ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዋናው ማማ 172.5 ሜትር ላይ እንዲያበቃ የታቀደው ጋውዲ ከባርሴሎናው ሞንትዡይክ ተራራ እንዳይበልጥ ስለፈለገ ነው። እሱ ራሱ የተቀበረው እዚያው፣ ከወለሉ ሥር ነው።