ሞታቸው ለሰባት ዓመታት የተጠበቀው ዳግማዊ ምኒልክ

በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ብሪታኒያ፣ ፈረንሣይና ጣልያን ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ የሦስትዮሽ ውል ተፈራረሙ። ውሉ የአገሪቱን አንድነት እንደሚያከብር ቢገልጽም፣ በተግባር ግን ዳግማዊ ምኒልክ ሲያርፉ ሊነሣ ይችላል ለተባለው ሁከት የተዘጋጀ የጥቅም ክፍፍል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ነበሩ፤ ሦስቱ መንግሥታት ግን ከሞታቸው በኋላ ስለሚሆነው ተስማምተው ጨርሰዋል።

በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ በልጅነታቸው በዐፄ ቴዎድሮስ ተማርከው መቅደላ አደጉ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ፣ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተባሉ፣ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ዓድዋ ላይ ድል አደረጉ። ይህ ብዙ የተነገረለት ታሪክ ነው። እምብዛም የማይወሳው የመጨረሻ ዘመናቸው ነው።

የሕመሙ ምልክት የታየው የቅርብ ሰዋቸው ራስ መኰንን ባረፉበት በ1898 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ስትሮክ እየተመላለሰ ጎዳቸው። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ እርሳቸው ባይችሉም መንግሥቱ እንዲቀጥል ማሰባቸው እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ጠበል ተሞከረ፣ የውጭ አገር ሐኪሞችም መጡ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. ገና ታዳጊ የነበሩት የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ደግሞ ሞግዚታቸው እንዲሆኑ ታወጀ።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የደረሰባቸው ስትሮክ ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸው ተዘጋ። ቤተ መንግሥቱም የውጭ ልዑካኑም ፍጻሜው ቀርቧል ብለው ተዘጋጁ። ምኒልክ ግን ከዚያ በኋላ ከአራት ዓመታት በላይ ኖሩ።

ሕመማቸው በዘመኑ የመርሳት ሕመም ተብሎ አልተመረመረም። በሽታው ራሱ ገና መጠናት መጀመሩ ነበር፤ አሎይስ አልዛይመር ስሙን ያስጠራውን ግኝት ቱቢንገን ላይ ያቀረበው ከሦስትዮሹ ውል ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ተደጋጋሚ ስትሮክ አእምሮን እንደሚያዳክም ግን ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። በ2017 ዓ.ም. የታተመ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ጥናት ከ5 ሚሊዮን በላይ ታማሚዎችን መረጃ መርምሮ፣ በ65 ዓመታቸው የመርሳት ሕመም የተገኘባቸው ወንዶች በአማካይ 5.7 ዓመት፣ ሴቶች ደግሞ 8 ዓመት እንደሚኖሩ ገምቷል። ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. 65 ዓመታቸው ነበር። አማካዩ ግን የብዙዎች ነው፤ ስለ አንድ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ቀኑን ቆርጦ አይናገርም።

ቀኑን ጠብቀው ያቀዱት ቀደሟቸው። እቴጌ ጣይቱ በባላቸው ስም ሲያዝዙ ቆዩና በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አራቋቸው፤ የቀራቸው ታማሚውን ማስታመም ነበር። የንጉሡ ሞት ሲመጣ አገር እንዲያረጋጉ የተመረጡት ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ራሳቸው ቀድመው ሞቱ። ወጣቱ ኢያሱ ያለ ሞግዚት፣ ደግሞም ያለ ዘውድ ቀሩ። አያታቸው እስትንፋሳቸው እስካለ ድረስ ሌላ ንጉሠ ነገሥት መቀባት አይሞከርም፤ የታማሚው ዕድሜ በረዘመ ቁጥርም የወራሹ ሥልጣን እንደተንጠለጠለ ቆየ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ያን ያህል የተጠበቀው ሞት በመጣ ጊዜ ተደበቀ፤ ለንጉሠ ነገሥት የሚገባው ለቅሶም ቀረ። ኢያሱ ዘውድ ሳይደፉ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ተሻሩ። ጣይቱ እንጦጦ ላይ በ1910 ዓ.ም. አረፉ። ቆይቶ የንጉሠ ነገሥቱ አፅም ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በበዓታ ለማርያም ገዳም አረፈ፤ አስታማሚያቸው እቴጌም ዛሬ እዚያው ከጎናቸው ናቸው።