ኢቫን ፓቭሎቭ፦ ጎርፉ ከሄደ በኋላ የቀረ ፍርሃት

እ.ኤ.አ. በ1849 በሩሲያዋ ራያዛን የተወለደው ፓቭሎቭ በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር በ1904 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1924 ሌኒንግራድን ያጥለቀለቀው ጎርፍ የቤተ ሙከራ ውሾቹን ለመስጠም አደረሳቸው፤ ከተረፉት አንዳንዶቹ የተለማመዱትን ምላሽ አጡ። ካገገሙ በኋላም በበር ሥር የገባ ጥቂት ውሃ ፍርሃቱን ዳግም ቀሰቀሰ። ፓቭሎቭ የከሰመ ምላሽ እንደሚታፈን እንጂ እንደማይጠፋ አስተምሮ በ1936 አረፈ።

ዘግይተው የመጡ ጥናቶች የፍርሃት ትውስታ በአሚግዳላ እንደሚቀረጽ አሳዩ፤ የሽታ መልእክትም ታላመስን ሳያቋርጥ እዚያ ይደርሳል። ስለዚህ አዋሽ በክረምት እየሞላ በሚያጥለቀልቀው የአሳይታ አካባቢ፣ የእርጥብ ደለል ሽታ ከጎርፍ የተረፉ ሰዎችን ፍርሃት ይቀሰቅስ እንደሆነ መመርመር ይገባል።