በአንድ ዓይኑ ሮምንና ኢየሩሳሌምን ያየ መነኩሴ

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም፣ ዲቦ በምትባል መንደር ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። በመርጡለ ማርያም ገዳም ከመነኮሱ በኋላ የምንኩስና ሥርዓት ስለ ምን እንደ ላላ ይመረምሩ ጀመር፤ መጻሕፍት ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም ሲዞሩም ጎንደር ደረሱ። በዚያን ዘመን ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በቅባት፣ በጸጋና በካራ ተከፋፍለው ይከራከሩ ነበር። ጠያቂው መነኩሴ ልባቸው ስላላረፈ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተመኙ።

ምኞታቸው የተፈጸመው በ1841 ነው። ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞችን ወደ ግብፅ ሲልኩ፣ የላዛሪስት ማኅበር ካህን የነበሩት ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው፣ አብረው እንዲሄዱ ተለመኑ። አባ ገብረ ሚካኤልም ከተጓዦቹ አንዱ ሆኑ። ዛሬ ከአምቦ የተነሣ ተሳላሚ በጥቂት ሰዓት አዲስ አበባ ገብቶ በዚያው ሌሊት አውሮፕላን ይሳፈራል። የእነርሱ መንገድ ግን እስከ ቀይ ባሕር በተራራና በበረሃ፣ ከዚያም በመርከብ ነበር።

በግብፅ አቡነ ሰላማ ለኢትዮጵያ ከተሾሙ በኋላ ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹ አቡነ ያዕቆብን ተከትለው ሮም ገቡ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛም ተቀበሏቸው። ሮም ለኢትዮጵያዊ መነኩሴ ፈጽማ ባዕድ አልነበረችም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ያለችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአገራችን ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበረች፤ የግእዝ ሐዲስ ኪዳንም በ1548 እና 1549 በዚያው ከተማ በአባ ተስፋ ጽዮን አማካይነት ታትሞአል። ቅዳሴው በላቲን ቢሆንም መሥዋዕቱ ያው መሥዋዕት ነው።

ከሮም በኋላ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1838፣ ወረርሽኝ የዴር ሱልጣንን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጨርሶአቸው ስለ ነበር፣ የጌታ መቃብር ለኢትዮጵያዊ እንግዳ የደስታም የኀዘንም ስፍራ ነበረ።

አንዳንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ታሪኩን ሲያሳጥሩ አባ ገብረ ሚካኤል በሮም ግርማ ተማርከው ካቶሊክ ሆኑ ይላሉ። እንዲህ አልነበረም። ያዩትን ይዘው አገራቸው ተመልሰው፣ መጻሕፍቱን እንደ ገና መርምረውና ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ተነጋግረው፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንድነት የገቡት በ1844 ነው፤ ሦስት ዓመት ያህል ቆይተው ማለት ነው። ሥልጣነ ክህነት የተቀበሉት ደግሞ በ1851፣ በስድሳ ዓመት ዕድሜ ሲሆን፣ የሾሟቸውም አቡነ ያዕቆብ ራሳቸው ናቸው። ለአቡነ ያዕቆብ በ1849 የጵጵስና ማዕረግ የሰጧቸው አባ ማስያስ ናቸው፤ እኒህም ጎርጎርዮስ 16ኛ በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ባቋቋሙት ሐዋርያዊ ቪካርያት የተሾሙ ስለሆኑ፣ የምዕራብ ሸዋ ምእመናን የዚህ ታሪክ ባዕድ አይደሉም።

በ1854 አባ ገብረ ሚካኤል ጎንደር ላይ ታሰሩ። ያሳሰሯቸው አቡነ ሰላማ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ከግብፅ ሊያመጡ የተጓዙላቸው ጳጳስ። ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ቢገደዱም እምቢ አሉ። በ1855 በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሞት ተፈረደባቸው፤ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ስለ ለመኑላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሽማግሌው በሰንሰለት እንደ ታሰሩ የንጉሡን ሠራዊት እየተከተሉ ሲጓዙ፣ በዚያው ዓመት በመንገድ ላይ ዐረፉ። ፒዮስ 11ኛም መስከረም 23 ቀን፣ በአውሮጳ ጥቅምት 3 ቀን 1926፣ በሮም ብፅዕናቸውን ዐወጁ።