ኢቫን ፓቭሎቭና የ1924ቱ ጎርፍ

የኢቫን ፔትሮቪች ፓቭሎቭ ስም በተነሣ ቁጥር ደወልና የውሻ ምራቅ ብቻ ትዝ የሚለን ባልደረቦች ጥቂቶች አይደለንም። ይህ ለሰውየው ሥራ እጅግ ጠባብ መለኪያ ነው። በስተርጅናው ካሳሰቡት ጉዳዮች አንዱ ድንጋጤ የእንስሳን አንጎል እንዴት እንደሚያውክና ሁከቱ በመድኃኒት ይታረም እንደሆነ ነበርና።

ፓቭሎቭ በ1849 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሪያዛን በተባለችው የሩሲያ ከተማ ከቄስ ቤተሰብ ተወለደ። የክህነት ትምህርቱን ትቶ በ1870 ወደ ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር በ1904 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን በ1890 በወታደራዊው የሕክምና አካዳሚ የተሾመው በመድኃኒት ጥናት መምህርነት መሆኑ ነው፤ የፊዚዮሎጂውን ወንበር የያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

በመስከረም 1924 በሌኒንግራድ ከባድ ጎርፍ ተነሣ። ውሃው የውሾቹን ማደሪያ ስላጥለቀለቀው ሠራተኞቹ እንስሳቱን እያዋኙ ወደ ዋናው ላቦራቶሪ አሻገሯቸው። ውሾቹ ከሞት ተረፉ፤ ነገር ግን ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በብዙ ድካም የተማሩትን ሪፍሌክስ አጥተው ተገኙ። ሌላ ተመራማሪ ቢሆን ሙከራዬ ተበላሸ ብሎ አዝኖ ይተወው ነበር። ፓቭሎቭና ረዳቱ ስፔራንስኪ ግን አደጋውን ራሱን የምርምር ርእስ አደረጉት። ከሳምንታት በኋላ ያገገመ አንድ ውሻ በሙከራው ክፍል ውስጥ ሳለ በበሩ ሥር ጥቂት ውሃ እንዲፈስ ተደረገ። ውሻው ተረበሸ፤ የተመለሰለት ሪፍሌክስም እንደገና ጠፋ። የውሃው ምልክት ብቻውን በቂ ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ለታወኩ ውሾች ፓቭሎቭና ማሪያ ፔትሮቫ ብሮማይድ ይሰጡ ነበር። በዘመኑ መድኃኒቱ መነቃቃትን በቀጥታ የሚያዳክም ይመስል ነበር፤ ፓቭሎቭ ግን የሚያደርገው የአንጎልን የመግታት ኃይል ማጠንከር ነው አለ። ነርቩ ደካማ ለሆነ ውሻ መጠኑ እጅግ አነስተኛ ካልሆነ መድኃኒቱ እንደሚጎዳም ተገነዘበ። ብሮማይድ ጋባ የተባለው ገቺ ኬሚካል በሚከፍታቸው ቀዳዳዎች ወደ ነርቭ ሴል እየገባ መገታቱን እንደሚያበረታ ዛሬ ስለሚታወቅ፥ ግምቱ ከእውነት አልራቀም። የሳተው ቦታውን ነው፤ ሁሉንም ነገር በአንጎል ቅርፊት ላይ ማሳረፉ የትምህርቱ ድክመት ይመስለኛል።

ፓቭሎቭ በየካቲት 1936 በ86 ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ። የፍርሃት ትምህርት በአመዛኙ ከቅርፊቱ በታች በአሚግዳላ እንደሚከናወን የተረጋገጠው ከእርሱ በኋላ ነው። በ1990 በታተመ የአይጥ ሙከራ ግሉታሜት የሚሠራባቸው የኤን.ኤም.ዲ.ኤ. ተቀባዮች በአሚግዳላ ውስጥ በመድኃኒት ሲዘጉ አዲስ ፍርሃት መማር ተከለከለ። በ1992 ደግሞ ያው መድኃኒት ፍርሃቱ እንዳይከስም አደረገ። መክሰም ራሱ አዲስ ትምህርት ነው የሚለው አሳብ በዚህ ተጠናከረ። ፓቭሎቭም ቀደም ሲል የከሰመ ሪፍሌክስ ከዕረፍት በኋላ በራሱ ሲመለስ አይቶ፥ የጠፋ ሳይሆን የታገተ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር። ከፍርሃቱ ዳነ የተባለ ታካሚ ከወራት በኋላ ያንኑ ፍርሃት ይዞ ሲመለስ የምናየውም ስለዚህ ነው።