ቻርልስ ዳልዚል፦ በውሃና በኤሌክትሪክ መካከል የገቡት መምህር

የዓሣ ገንዳው ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጧል። ውስጡ የተዘፈዘፈው ማሞቂያ መስታወቱ በቀጭኑ ሰንጥቋል፤ ዓሦቹ ግን እንደ ወትሮው ይዋኛሉ፣ መብራቱም አልጠፋም። የቤቱ ባለቤት በባዶ እግሩ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ገንዳውን ሊያጸዳ እጁን ይሰዳል። ከዚያ በኋላ መኖሩም ሆነ መሞቱ የሚወሰነው በጥቂት ሚሊ አምፒርና በሴኮንድ ሽራፊ ነው። እነዚህን ሁለት ልኮች በማጥናት አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት አሜሪካዊው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል ናቸው።

ዳልዚል እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1904 በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሳንታ ማሪያ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ለጥቂት ዓመታት በኢንዱስትሪው ውስጥ ከሠሩ በኋላ፣ በ1932 ወደ ተማሩበት ተቋም በመምህርነት ተመለሱ። ዘመኑ ኤሌክትሪክ ከፋብሪካና ከመንገድ መብራት አልፎ ወደ መኖሪያ ቤት፣ ወደ መታጠቢያ ክፍልና ወደ ወጥ ቤት በስፋት የሚገባበት ነበር። አደጋውም አብሮ ገባ።

በአማርኛ ሰው ሲነዘር ኤሌክትሪክ ያዘው ይባላል። አባባሉ ትክክል ነው፤ ያዡ ግን ኤሌክትሪኩ ሳይሆን የተያዘው ሰው የገዛ ጡንቻ ነው። በእጅ ውስጥ የሚያልፈው ተለዋዋጭ ጅረት የክንድን ጡንቻዎች ስለሚያኮማትር መዳፍ ሽቦውን ጨብጦ ይቀራል፤ ሰውየው ልልቀቅ ቢልም እጁ አይታዘዝለትም። ዳልዚል የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ሰው በራሱ ፈቃድ መልቀቅ የሚችልበት የመጨረሻው የጅረት መጠን ስንት ነው?

መልሱን ያገኙት በፈቃደኞች ላይ በመሞከር ነው። ተሳታፊዎቹ በጨው ውሃ በራሰ እጃቸው የመዳብ ሽቦ ይጨብጣሉ፤ ጅረቱ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ መልቀቅ የሚያቅታቸው ነጥብ ይመዘገባል። በዚህ መንገድ 134 ወንዶችና 28 ሴቶች ተፈተኑ። የወንዶቹ አማካይ 16 ሚሊ አምፒር፣ የሴቶቹ ደግሞ 10.5 ሆነ። ዳልዚል ግን በአማካዩ አልረኩም። አማካይ ማለት ግማሹ ሰው ከዚያ በታች ይያዛል ማለት ነውና፣ ከ1,000 ሰዎች 995ቱ ሊለቁት የሚችሉትን ልክ ፈለጉ፤ ለወንዶች 9፣ ለሴቶች 6 ሚሊ አምፒር። በሕፃናት ላይ ሙከራው ስላልተደረገ፣ ለእነርሱ የአዋቂ ወንዶችን ግማሽ ያህል ገመቱ። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 60 ዋት አምፖል 270 ሚሊ አምፒር ያህል ይወስዳል። ሰውን ከሽቦ ጋር ለማጣበቅ የዚያ አምፖል አንድ አሥራ ስድስተኛው ይበቃል።

ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ በቀላሉ የሚያልፍ አይመስልም። የሴቶቹም ቁጥር ትንሽ ነበር። ሆኖም በዘርፉ ለመጡት የደኅንነት ደንቦች መሠረት የሆኑት እነዚህ ልኬቶች ናቸው።

የልብ ጉዳይ ግን በፈቃደኛ ላይ ሊሞከር አይችልም። ልብ ምቷ ተዘበራርቆ ደም መርጨት የምታቆምበትን መጠን ለማወቅ ዳልዚል ቀደም ሲል በበጎች፣ በጥጆች፣ በአሳማዎችና በሌሎች እንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን ውጤት መረመሩ። የደረሱበት ቀመር የጊዜን ሚና አጉልቶ አወጣ፦ አደገኛ የሚሆነው ጅረት ከቆይታው ስኩዌር ሩት ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ንዝረቱ የሚቆይበት ጊዜ ወደ ሩብ ቢወርድ ሰው የሚቋቋመው ጅረት በእጥፍ ያድጋል። እንግዲህ ንዝረትን ፈጽሞ ማስቀረት ባይቻል እንኳ ማሳጠር ነፍስ ያድናል።

በቆጣሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ ወይም ብሬከር ይህን አይሠራም። ብዙዎች እንደ ጠባቂያቸው ይቆጥሩታል፤ እርሱ ግን የተሠራው ሽቦው ግሎ ቤት እንዳያቃጥል ነው። ባለ 10 አምፒር ብሬከር የሚቆጣው ከ10,000 ሚሊ አምፒር በላይ ሲያልፍበት ሲሆን፣ ለሰው ልብ ግን 100 አካባቢ እንኳ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ዳልዚል መፍትሔውን በ1961 ፈለሰፉ፤ የፈጠራ መብቱም በ1965 ተሰጣቸው። አሠራሩ እንደ ሒሳብ ሹም ነው። ወደ መሣሪያው የሚሄደውና የሚመለሰው ሽቦ በአንድ የማግኔት ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ። የሄደው ሁሉ ከተመለሰ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ጥቂቱ በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት ከሸሸ ግን ሒሳቡ ይጎድላል፣ ቀለበቱም ጉድለቱን ያውቃል። 5 ሚሊ አምፒር ያህል ሲጎድል በሴኮንድ 40ኛ እጅ ውስጥ መስመሩን ይቆርጣል። ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት በትንሽ ሣጥን ውስጥ ለመለየት ያስቻላቸው በወቅቱ አዲስ የነበረው ትራንዚስተር ነው።

አሜሪካውያን ታሪኩን ሲያወጉ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። በደቡብ አፍሪካ ሄንሪ ሩቢን የተባለ መሐንዲስ፣ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞችን ከንዝረት ለመጠበቅ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። የሐሳቡ ምንጭ አንድ ብቻ አይደለም። የዳልዚል ልዩ ድርሻ መቁረጫው የሚነቃበትን ልክ ከሰው ገላ መነሣቱ ነው።

መሣሪያው በአሜሪካ ደንብ በመጀመሪያ የተፈለገው ለውሃ ነው፤ በ1968 በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ለሚተከሉ መብራቶች። የቤት ዓሣ ገንዳም ያው ታሪክ በትንሹ ነው። ዓሦቹ የማይሞቱት ውሃው ደኅና ስለሆነ ሳይሆን ጅረቱ በእነርሱ በኩል የሚወጣበት መንገድ ስላላገኘ ነው፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እንደምታርፍ ወፍ። መንገዱን የሚከፍተው መሬት የረገጠው ሰው እጅ ነው። የጨው ውሃ ገንዳ ከሆነ ደግሞ ጅረቱን ከጣፋጭ ውሃ እጅግ አሻሽሎ ያስተላልፋል።

አንዳንዶች በመለኪያ ውሃው ውስጥ 30 ወይም 40 ቮልት አንብበው ይደነግጣሉ። ንባቡ ብቻውን አደጋ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ጤነኛ ፓምፕም በአቅራቢያው ባለ ውሃ ላይ ጅረት አልባ የሚባል ቮልቴጅ ሊያሳድር ይችላል። ዳልዚል ደጋግመው ያሳዩት የሚጎዳው በገላ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት መሆኑን ነው። ውሃውን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ዘንግ መክተትም ያለ መቁረጫው ግማሽ ሥራ ነው፤ ፍሳሹ እንዲቀጥል መንገድ ይሰጠዋል እንጂ አያቆመውም። ከመቁረጫው ጋር ሲሆን ግን ብልሽቱ ገና እጅ ሳይገባ መስመሩን ያስቆርጣል።

በምሥራቅ አፍሪካ 220 እና 240 ቮልት በሚሠራባቸው ከተሞች ይህ መሣሪያ አርሲዲ ወይም ኧርዝ ሊኬጅ በሚል ስም ይሸጣል፤ ለሰው ጥበቃ የሚመረጠው 30 ሚሊ አምፒር የተጻፈበት ነው። የመሬት ሽቦ በሌለው አሮጌ ቤትም ይሠራል፤ የሚያመዛዝነው ሁለቱን ሽቦዎች ነውና። ሁለቱንም ሽቦ በአንድ ጊዜ የነካን፣ ከመሬት ግን የተነጠለን ሰው አያውቀውም። ስለዚህ እጅ ከመግባቱ በፊት ስፒናውን መንቀል፣ ውሃ በገመዱ ተንጠባጥቦ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ ገመዱን ከሶኬቱ ዝቅ አድርጎ ማጠፍ፣ የመሞከሪያ ቁልፉንም በየወሩ መጫን አልቀረም።

ዳልዚል በ1970 በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች መጽሔት ላይ ስለ ፈጠራቸው በሰፊው ጻፉ። ደንቡ በ1975 መሣሪያውን ወደ መታጠቢያ ክፍል አስገባው። እርሳቸው በ1986 አረፉ፤ የወጥ ቤት ሶኬቶች ተራ የደረሰው በተከታዩ ዓመት ነበር።