ዐፄ ቴዎድሮስና የሩቁ ዳኛ

ተማሪዎች፣ በአንድ አገር ውስጥ ሰው ጎረቤቱን ሲበድል አጥፊውን የሚይዘው ፖሊስ፣ ጉዳዩን መርምሮ የሚፈርደው ደግሞ ዳኛ ነው። አንድ መንግሥት ሌላውን ሲበድልስ ፖሊሱ ማን ነው? ዳኛውስ? ከሁሉ የበረታው መንግሥት የዓለም ፖሊስ ሆኖ አጥፊውን ቢቀጣ ሰላም ይሰፍናል የሚሉ ሰዎች አሉ። ጉልበት ያለው ሁሉ ፍርድ ያውቃል ማለት አይደለም ብለው የሚቃወሙም አሉ። ይህ ክርክር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው ይገዙ የነበሩት የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ለዚሁ ጥያቄ ማስረጃ ይሆናልና በጥሞና አንብቡት።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ካሳ ኃይሉ ነበር። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበር ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር በስም ብቻ ተቀምጦ፣ ሥልጣኑ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር ባደረጉት በየጁ ራሶች እጅ ነበር። ካሳ በሽፍትነት ተነሥተው ኃይላቸው እየበረታ ስለ ሄደ ራስ ዓሊ ልጃቸውን ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩላቸው። ዝምድናው ግን ጠብን አላስቀረም። በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ ራስ ዓሊንም በአይሻል አሸነፉ። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ከነሡ በኋላ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከመንገሣቸው በፊት፣ በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው በመድፍ ተሸንፈው ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጀግንነት ያለ ዕውቀትና ያለ መሣሪያ አገር እንደማያስጠብቅ ተረዱ። ስለዚህም ከደብረ ታቦር ብዙም በማይርቀው በጋፋት፣ ለወንጌል ሥራ የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ አሠሩ። ከእነዚህም ትልቁ ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. ተሠራ። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነበር።

በ1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። የቀይ ባሕርን በር የዘጉባቸው ቱርኮች እንደበደሏቸው ገልጸው ወዳጅነትን ጠየቁ፤ መልእክተኞቻቸውም በሰላም የሚያልፉበትን መንገድ እንድታስገኝላቸው ለመኑ። ልብ በሉ፤ ደካማው በበደል ጊዜ ወደ ኃያሉ አቤት ያለው በዚህ ጊዜ ነው። እንግሊዝ ግን በክሪሚያ ጦርነት ከቱርክ ጎን የተሰለፈች ስለ ነበረች ልታስቀይማት አልፈለገችም። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ያለ መልስ ቀረ።

ንጉሠ ነገሥቱ ተናቅሁ ብለው ተቆጡ። ቆንሲሉ ካሜሮን ያለ መልስ መመለሱ ሳያንስ ግብፅ ወደምትገዛው ሱዳን መሄዱ ጥርጣሬያቸውን አባባሰው። በ1856 ዓ.ም. እሱንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። የንግሥቲቱን መልስ ይዞ በ1858 ዓ.ም. የመጣውን ሆርሙዝድ ራሳምንም በዚያው ዓመት አሰሩት። እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አይገባም። መልእክተኛን ማሰር በማንኛውም አገር ነውር ነው። በገዛ ሕዝባቸው ላይም ቅጣታቸው ከመጠን አልፎ ነበር፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ዓመፅ አገሩን ስለ ሞላው በእጃቸው የቀረው ግዛት ጥቂት ነበር። ሠራዊታቸው ሴባስቶፖልን እየጎተተ፣ ዐለቱን እየፈለጠ መንገድ እያወጣ፣ የዋድላንና የደላንታን ደጋ አቋርጦ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀበት።

ለአቤቱታ ያልተነሣው ኃያል መንግሥት ለገዛ ሰዎቹ ሲል ተነሣ። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል ወታደሮችንና ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖችን ይዞ በዙላ በኩል ገባ። የትግራዩ ካሳ ምርጫ መንገድ ለቀቁለት። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ ሁለቱ ጦሮች በአሮጌ ተጋጠሙ። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከዚህ በኋላ አውሮፓውያኑን እስረኞች በሙሉ ለቀቁ። የዘመቻው ምክንያት የእስረኞቹ መፈታት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚሁ ባበቃ ነበር። ናፒየር ግን ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን እንዲሰጡ ስለ ፈለገ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ አምባውን በጦር ያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለጠላት ላለመማረክ በሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡም ቀድሞ ለቆንሲል ፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ንግሥት ቪክቶሪያ የሰጠቻቸው ነበር።

እንግሊዞች ቃል እንደገቡት አገሩን ሳይዙ ወጡ። ይህ በበጎ የሚቆጠርላቸው ነው። ነገር ግን መቅደላን አቃጠሉ፤ ዘውዱን፣ ጽላቱንና በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን ወሰዱ። የሰባት ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁንም ይዘውት ሄዱ፤ እሱም በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በወጣትነቱ ሞተ። ለካሳ ምርጫ የተዉላቸው መድፍና ጠመንጃም በ1863 ዓ.ም. በዐድዋ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ነሥተው ዐፄ ዮሐንስ ለመባል ረዳቸው። እንግዲህ ፖሊሱ ከሄደ በኋላ እንኳ መሣሪያው ለአገሩ ንጉሥ እስከ መምረጥ ደረሰ። ከአስከሬናቸው ተቆርጦ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉርም ለአገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው።

ተማሪዎች፣ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው በደል ሳይቀጣ ይለፍ ማለትን አይደለም። በደለኛው ቴዎድሮስም እንግሊዝም ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር በዚያ ጉዳይ ከሳሹም፣ ፖሊሱም፣ ዳኛውም አንድ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ፖሊስ የራሱ ወገን ሲነካ ይመጣል እንጂ ሌላው ሲበደል አይመጣም። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች፤ ኃያላኑ ግን ሊያድኗት አልተነሡም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ለታላቁም ለታናሹም እኩል የሚሠራ ሕግ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው የእንግሊዝን ምክንያት፣ በሁለተኛው የዐፄ ቴዎድሮስን አቤቱታ ያለ አድልዎ አስቀምጡ፤ በሦስተኛው የራሳችሁን ፍርድ ከነምክንያቱ ስጡ።