ዶክተር አሊስ ሃሚልተን፦ የእርሳስን አቧራ የተከታተሉ ሐኪም

በመተማ ዮሐንስና በገንዳ ውሃ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ ሁሉ፣ የብረት በርና መስኮት በዘይት ቀለም ይቀባል። የቆላው ፀሐይ ቀለሙን ያሰነጥቀዋል፣ ይልጠዋል። በዓል ሲቃረብ አሮጌው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ወይም በብረት ብሩሽ ይፋቅና አዲስ ይቀባል። አሮጌው ቀለም እርሳስ ካለበት ትልቁ አደጋ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ምክንያቱም የሚነሣው አቧራ ወደ ሳንባና ወደ አፍ ይገባል። የእርሳስ አቧራ ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ ከመቶ ዓመት በፊት በማስረጃ ካሳዩት ሐኪሞች መካከል አሜሪካዊቷ ዶክተር አሊስ ሃሚልተን ግንባር ቀደም ናቸው።

እዚህ ላይ እርሳስ ስንል ተማሪ የሚጽፍበትን ማለታችን አይደለም። የመጻፊያው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። የምንናገረው ሊድ ስለሚባለው ከባድ ብረት ነው። ይህ ብረት ቀለም እንዲደምቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅና ዝገትን እንዲከላከል ተብሎ ለረጅም ዘመን ከቀለም ጋር ሲቀላቀል ኖሯል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

አሊስ ሃሚልተን በ1869 በኒው ዮርክ ከተማ ተወልደው ያደጉት ኢንዲያና ግዛት ውስጥ በፎርት ዌይን ነው። የመጀመሪያ ትምህርታቸውን የተማሩት በቤታቸው ነበር። በ1893 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ከዚያም ከእህታቸው ጋር ወደ ጀርመን ሄደው በላይፕሲግና በሙኒክ ተማሩ። በዚያ ዘመን ሴቶች በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጡ የሚፈቀድላቸው በብዙ ገደብ ነበር።

በ1897 ወደ ቺካጎ መጥተው በሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። መኖሪያቸውን ግን ሃል ሃውስ በሚባል፣ በድሆች ስደተኞች ሰፈር መካከል በተቋቋመ የማኅበራዊ አገልግሎት ቤት አደረጉ። በዚያም የሕፃናት ክሊኒክ ከፈቱ። ከጎረቤቶቻቸው መካከል በፋብሪካ ሲሠሩ ጤናቸውን ያጡ ብዙዎች ነበሩ። የሆድ ቁርጠት የማይለቃቸው፣ ፊታቸው የገረጣ፣ እጃቸው ከአንጓው ዝሎ ማንሳት ያቃታቸው ሰዎች ይመጡ ነበር። እነዚህ ሁሉ የእርሳስ መመረዝ ምልክቶች ናቸው።

ቤት ለቤት የተደረገው ምርመራ

የኢሊኖይ ግዛት ከሥራ የሚመጡ በሽታዎችን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ፤ በ1910 የጥናቱ መሪ ዶክተር ሃሚልተን ሆኑ። የታመሙት ሠራተኞች ስንት እንደሆኑ የሚያሳይ መዝገብ አልነበረም። ስለዚህ ዶክተሯ ወደ ሆስፒታሎችና ወደ መድኃኒት ቤቶች ሄዱ፤ ካህናትንና የሠራተኛ ማኅበራትን ጠየቁ፤ ከሁሉም በላይ ግን የታመሙትን በየቤታቸው እየሄዱ አነጋገሩ። በዚህ መንገድ ሠራተኛን ለእርሳስ የሚያጋልጡ ከ70 በላይ የሥራ ዓይነቶችን አገኙ።

አንድ ቀን የገላ መታጠቢያ ገንዳ የሚለብጥ አንድ ፖላንዳዊ ስደተኛ በእርሳስ ክፉኛ ተመርዞ አገኙት። ወደ ፋብሪካው ሲሄዱ ምንም የሚያሳስብ ነገር አላዩም፤ ኃላፊዎቹም እርሳስ እንደማይጠቀሙ ነገሯቸው። እሳቸው ግን ወደ ሰውየው ተመልሰው ጠየቁት። ያሳዩአቸው የመጨረሻውን ማስዋቢያ ብቻ እንደሆነና ዋናው ሥራ በሌላ ቦታ እንደሚሠራ አስረዳቸው። በዚያ ሠራተኞቹ በጋለ ገንዳ ላይ ዱቄት ይነሰንሱ ነበር። ዱቄቱ ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት።

በዚያ ጊዜ ብዙ የፋብሪካ ባለቤቶች በሽታውን ሠራተኛው እጁን ባለመታጠቡ ያሳብቡ ነበር። ዶክተር ሃሚልተን ግን ዋናው ጠላት በአየር የሚተነፈሰው አቧራና ጭስ መሆኑን አሳዩ። የአንድ ትልቅ የእርሳስ ኩባንያ ኃላፊ የነበሩት ኤድዋርድ ኮርኒሽ ነገሩን አላመኑም ነበር። ዶክተሯ ሆስፒታል የገቡ 22 ሠራተኞችን መረጃ ሲያቀርቡላቸው ግን ተቀበሉ፤ በፋብሪካዎቻቸውም አቧራ የሚቀንስ መሣሪያ አስገጠሙ፣ ሐኪም ቀጠሩ። ኢሊኖይም በ1911 ሠራተኞችን ከሥራ በሽታ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ።

ስለ ቀለም ቀቢዎች

በ1913 ዶክተር ሃሚልተን ለአሜሪካ መንግሥት ያዘጋጁት ስለ ቀለም ቀቢዎች ጤና የሚናገር ጥናት ታተመ። ለቀለም ቀቢው ትልቁ አደጋ አሮጌ ቀለምን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። እርጥብ ሆኖ ቢታሸ አቧራው አይነሣም። ይህ ቀላል ጥንቃቄ ዛሬም አልተሻሻለም፤ ሊሻሻልም አያስፈልገውም።

ሃርቫርድና የመጨረሻ ዘመን

በ1919 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር ሆኑ። ሆኖም በምረቃ ሰልፍ እንዳይወጡና ወደ መምህራን ክበብ እንዳይገቡ ተከለከሉ። በ1935 ጡረታ ሲወጡም ማዕረጋቸው ረዳት ፕሮፌሰር እንደሆነ ነበር። በ1925 እርሳስ ከቤንዚን ጋር መቀላቀሉን በግልጽ ተቃወሙ፤ የሰማቸው ግን ጥቂት ነበር። በ1943 የሕይወት ታሪካቸውን አሳተሙ። በ1970 በ101 ዓመታቸው አረፉ። አሜሪካ የእርሳስ ቀለም ለቤት እንዳይሸጥ የከለከለችው በ1978፣ እሳቸው ካለፉ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት በገበያ በተገዙ የዘይት ቀለሞች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ብዙዎቹ ከፍተኛ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል፤ በተለይም ቢጫና ቀይ ቀለሞች። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀባን በር ወይም መስኮት እርሳስ እንዳለበት ቆጥሮ መጠንቀቅ ይሻላል።

በቤትዎ ምን ያድርጉ?

- ያልተላጠ ቀለምን አይነካኩት። ካልተፋቀ ወይም ካልተላጠ አደጋው አነስተኛ ነው።
- መፋቅ የግድ ከሆነ ቀለሙን በውኃ እያረጠቡ ይፋቁ። ከሥሩ ላስቲክ ያንጥፉ።
- ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ሥራው አልቆ ቦታው እስኪጸዳ ድረስ ከቤት ይራቁ።
- አቧራውን በደረቅ መጥረጊያ አይጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ።
- የሥራ ልብስን ከልጆች ልብስ ለይተው ይጠቡ።
- ቀለም የተቀባ እንጨት ለማገዶ አይጠቀሙ። ጭሱና አመዱ እርሳስ ይይዛል።
- አዲስ ቀለም ሲገዙ ከእርሳስ ነፃ መሆኑ በጣሳው ላይ መጻፉን ይመልከቱ።

ወደ ጤና ተቋም መቼ ይሂዱ?

የልጅ አካል ከምግብም ሆነ ከአቧራ የሚገባን እርሳስ ከአዋቂ ይልቅ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ አብልጦ ይወስዳል። ጉዳት የማያደርስ ነው የሚባል መጠን የለም። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ በእናቲቱ አጥንት ውስጥ የተከማቸ እርሳስ ወደ ፅንሱ ሊያልፍ ይችላል። ልጅ የሆድ ቁርጠት፣ የሆድ ድርቀት፣ የደም ማነስ፣ ድካም ወይም የትምህርት መዘግየት ካሳየ ለሐኪም ማሳየት ይገባል። የሚጥል ከሆነ ወይም ራሱን ከሳተ ሳይዘገዩ ይውሰዱት።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ የደም ማነስ በወባ፣ በካላ አዛርና በሆድ ትላትል ምክንያትም ይመጣል። ስለዚህ እነዚህ በሽታዎች አስቀድመው መመርመራቸው ትክክል ነው። ሆኖም ቤት ውስጥ አሮጌ ቀለም ተፍቆ ከነበረ፣ ልጁ የተላጠ ቀለም ወደ አፉ ያስገባ ከነበረ ወይም አባት በቀለም ቅብ ወይም በባትሪ ጥገና የሚሠራ ከሆነ፣ ሳይጠየቁ ይንገሩ። ሐኪሙ ላይጠረጥር ይችላል። የእርሳስ መመረዝ የሚረጋገጠው በደም ምርመራ ነው፤ ምርመራው በሁሉም ቦታ ስለማይገኝ የት እንደሚሠራ ባለሙያውን ይጠይቁ። የሕክምናው መጀመሪያ ግን ልጁን ከእርሳሱ ምንጭ ማራቅ ነው።

ዶክተር ሃሚልተን በሽታውን ያገኙት የታመሙትን ስለ ቤታቸውና ስለ ሥራቸው በመጠየቅ ነበር። እርስዎም ይህን መረጃ ይዘው ቢቀርቡ ለሐኪምዎ ሥራውን ያቀልሉለታል።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪምን ምክር አይተካም።